አቦሉን ቀድሞ ማውጣት፦ በኩራትን በደሞዝ፣ በጊዜና በጉልበት እንዴት እንኖረዋለን

ቡና ሲፈላ አቦሉ ለማን እንደሚቀዳ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳ ካለ ለእንግዳው፣ ትልቅ ሰው ካለ ለትልቁ ሰው ነው። የከበረ እንግዳ በረካ ላይ ቢደርስ ባለቤቷ ዝም ብላ አትቀዳለትም። «ሌላ ይቆላ» ትላለች።

እኔ ለዓመታት ለእግዚአብሔር ስሰጥ የኖርኩት በረካውን ነበር። ኪራይ ተከፍሎ፣ አስቤዛ ተገዝቶ፣ እቁብ ተጥሎ፣ ኪስ ውስጥ የቀረችው ብር እሑድ ጠዋት ትወጣለች። ጊዜዬም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ እውላለሁ፣ ማታ ስልኬን ስነካካ አመሻለሁ፣ ዐይኔ ሲከደን ሁለት ቃል ጸልዬ እተኛለሁ። አልሰጠሁም አልልም። የሰጠሁት ግን ቀጥኖ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ገበሬው በኩራትን፣ ማለትም የመጀመሪያ ፍሬውን፣ ለእግዚአብሔር ስለሚያቀርብበት ሥርዓት ዘዳግም 26ን ሳነብ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የተማርኩትን፣ እናንተም ዛሬ ልትጀምሩበት በምትችሉት መልክ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ፦ አሥራትና በኩራት አንድ አይደሉም

«አሥራት በኩራት» ብለን በአንድ ትንፋሽ ስለምንጠራቸው አንድ ነገር ይመስሉናል። አሥራት ግን የሚወጣው ተቆጥሮ ነው። እህሉ ተወቅቶ፣ ተሰፍሮ፣ ከ10 አንዱ ይነሳል። ሰውየው ስንት እንዳለው ያውቃል። በኩራት የሚወጣው ደግሞ ገና አዝመራው ሳይታወቅ ነው። የመጀመሪያው ነዶ ሲታጨድ የቀረው ማሳ እንደቆመ ነው። በረዶ ሊመታው ይችላል። አንበጣ ሊወርድበት ይችላል። በኩራት የሚያወጣ ገበሬ «የቀረውን አንተ ታውቃለህ» እያለ ነው።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የበኩራት መሥዋዕትነት ከብዛቱ ይልቅ በመቅደሙ ላይ ነው። ከተረፈን መስጠት ማንንም አያስፈራም። ሳናውቅ ቀድሞ ማውጣት ግን እጅ ያንቀጠቅጣል።

ዘሌዋውያን 23ን አንብቡት። በእስራኤል ምድር ቀድሞ የሚደርሰው ገብስ ነው፣ በፋሲካ ሰሞን። ገበሬው የመጀመሪያውን ነዶ ወደ ካህኑ ያመጣል፣ ካህኑም በእግዚአብሔር ፊት ይወዘውዘዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአዲሱ እህል እንጀራ አይበላም፣ ቆሎ አይበላም፣ እሸትም አይበላም። እሸት ጠብሶ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ክረምቱን ጎተራው ተሟጧል፣ ልጆች ማሳው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፣ የመጀመሪያው ዛላ ወተት ይዟል። ያን ጊዜ ነው «አትንኩት፣ ይሄ የእርሱ ነው» የሚባለው። ከዚያ 50 ቀን ተቆጥሮ ደግሞ ከስንዴው ሁለት እንጀራ ይቀርባል።

ክርስቲያን ይህን ሲያነብ አንድ ነገር መርሳት የለበትም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20 ክርስቶስን «በኩራት» ይለዋል፤ ከሙታን ቀድሞ የተነሣ፣ የቀረው መከር እንደሚመጣ ማረጋገጫ። ያዕቆብም በ1፥18 እኛን ራሳችንን ለፍጥረቱ በኩራት እንድንሆን እንደወለደን ይናገራል። ስለዚህ ቀድሞ የሰጠው እርሱ ነው። እኛ የምናወጣው ለዚያ ምላሽ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። «1,000 አምጣ፣ 10,000 ትወስዳለህ» የሚል ስብከት ብዙ ሰው አቁስሏል። ያንን ንግድ በሉት እንጂ በኩራት አትበሉት። ምሳሌ 3፥9 እና 10 ስለሞላ ጎተራ ያወራል፣ እውነት ነው። ቃሉ የሚጀምረው ግን «አክብር» ብሎ ነው። የምታከብሩትን ሰው ወለድ አትጠይቁትም።

1. ማሳችሁን ዙሩት

አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ወደ እጄ የሚገባው ምንድነው? የሚጀምረውስ የት ላይ ነው?

ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ቀላል ነው፣ ብሩ የሚገባበት ቀን ይታወቃል። ታክሲ የሚነዳ ሰው ግን የወር ደሞዝ የለውም። የእሱ መጀመሪያ የሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጉዞ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ያላት ሴት የሳምንቱ የመጀመሪያ ሽያጭ አላት። ገበሬ የደረሰች ላም የመጀመሪያ ጥጃዋን ትወልድለታለች። ተማሪ ብር የለውም፣ ጠዋቱ ግን አለው።

ከገንዘብ ቀጥሎ ጊዜያችሁን ጻፉ። ከዚያ የእጅ ሙያችሁን። ልብስ ትሰፋላችሁ? ኮምፒውተር ትጠግናላችሁ? ሒሳብ ታውቃላችሁ? በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥15 ጳውሎስ አንድን ቤተሰብ «የአካይያ በኩራት» ብሎ ይጠራዋል። ስለ ገንዘባቸው ምንም አይልም። ቅዱሳንን ለማገልገል ራሳቸውን እንደሰጡ ነው የሚናገረው።

ወረቀቱ ሲሞላ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ። አንድ ከገንዘብ፣ አንድ ከጊዜ፣ አንድ ከሙያ። ሁሉንም በአንዴ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር ሲያቆም አይቻለሁ።

2. ሳሩን እሰሩበት

ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው፣ ስለ በኩራት አንድ ሙሉ ክፍል አለው። ከዚያ ውስጥ የምወደው ይህን ነው። ሰውየው ወደ እርሻው ይወርዳል። ቅጠሉ መሀል የመጀመሪያዋን በለስ ያያል። ወዲያው አይቆርጣትም፣ ገና ናት። ሣር አምጥቶ ያስርባትና «ይህች በኩራት ናት» ይላል። የወይን ዘለላም ሮማንም ሲያይ እንደዚሁ።

ለምን? ከአንድ ሳምንት በኋላ በለሱ ሁሉ ሲበስል የቷ ቀድማ እንደታየች ማን ያስታውሳል? ካስታወሰስ፣ በዚያ ሰዓት በርቦት ከሆነስ? ሣሩ የታሰረው ሳይርበው ነው።

የእኛም ሣር እንዲሁ ደሞዙ ከመግባቱ በፊት ይታሰራል። መጠኑንና ቀኑን ጻፉ። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁ ተስማሙ። ይህን አደራ እላለሁ። አንዱ ሳያውቅ የወጣ በኩራት ቤት ውስጥ ጠብ ይዞ ይገባል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 ደግሞ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ይላል። ለጊዜም ሣር ይታሰራል፦ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ትቶ መተኛት ለእኔ ሠርቷል። ጠዋት ስነሣ እጄ የሚያገኘው መጽሐፉን ነው።

3. ስንት ይሁን?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። የሙሴ ሕግ ለአሥራት ከ10 አንድ ብሎ ሲቆርጥ ለማሳ በኩራት ቁጥር አላስቀመጠም። ሚሽናም በግልጽ መጠን የለውም ይላል። አንዲት ዘለላም በኩራት ናት። ስለዚህ ማንም «ይሄን ያህል ካላመጣህ» ብሎ ሊጫናችሁ አይገባም።

እኔ የምመክረው መነሻ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው። የተጣራ 13,000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 26 ቀን ቢሠራ የአንድ ቀኑ 500 ብር ነው። የወሩ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ድካም የእግዚአብሔር ነው ማለት ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ጥቅሙ ግን አለው። የወሩ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ዛሬ ለማን እንደምሠራ አውቃለሁ። ያን ቀን ደንበኛ ስቀበል ሳይቀር ይታወቀኛል። አሥራት የምታወጡ ከሆነ ይህ ከዚያ የተለየ ነው፣ አንዱን በሌላው አትተኩ።

500 ብር የማይቻለው ቤትም አለ። ለዚያ ቤት 1ኛ ነገሥት 17 አለለት። የሰራፕታዋ መበለት በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋ ጥቂት ዘይት ብቻ ቀርቷት ነበር። ኤልያስ የጠየቃት «አስቀድመሽ» ታናሽ እንጎቻ እንድትጋግርለት ነው። እንጎቻ የሚለውን ቃል አስቡት። እናቴ ስትጋግር ምጣዱ ዳር እንቆም ነበር። ሊጡ ሲያልቅ ከጠርዙ ተጠርጎ ትንሽ ክብ ይሆንና በእጃችን ላይ ይወድቃል፣ እየፈጀን እናገላብጠዋለን። የእንጎቻ ልኩ ያ ነው፣ የልጅ መዳፍ የሚያህል። ነቢዩ የጠየቀው ያንን ነው። ከባዱ ነገር «አስቀድመሽ» የሚለው ቃል ነበር፤ ልጇ እየራበው።

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ሚዞራም ውስጥ ያሉ ክርስቲያን እናቶች ከ100 ዓመት በላይ የያዙት ልማድ አለ። ሩዝ ለማብሰል በሰፈሩ ቁጥር አንድ እፍኝ ቀንሰው ለብቻ ያስቀምጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ሰብስባ ትሸጠዋለች፣ ለአገልግሎት ይውላል። ደሞዝ የሌላት የቤት እመቤት በየማዕዱ በኩራት ታወጣለች ማለት ነው። እኛም ቤት ጤፍ ሲሰፈር፣ ሽሮ ሲወጣ ይህን ማድረግ ይቻላል። አንድ ክዳን ያለው ጣሳ ይበቃል። ሲሞላ ለማን እንደሚሄድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

4. ብሩ የገባ ቀን

የባንኩ መልእክት ስልካችሁ ላይ ጢው ሲል፣ ሌላ ምንም ሳትከፍሉ በኩራቱን አውጡ። ያኔውኑ። «ማታ እልከዋለሁ» አትበሉ። ለቴሌብር ወይም ለሌላ ሒሳብ አስተላልፉት፣ ወይም በጥሬው አውጥታችሁ ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ፖስታው ላይ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ኪራዩም መብራቱም ይከፈል።

አንድ ጥብቅ ደንብ፦ ከፖስታው ብድር የለም። «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ 200 ብር የወሰደ ሰው ወሩ መጨረሻ ላይ ባዶ ፖስታ ነው የሚያገኘው።

5. እንከን የሌለበት

ሚልክያስ 1፥8 ላይ እግዚአብሔር ዕውርና አንካሳ እንስሳ የሚያመጡትን «እስቲ ለአለቃችሁ አቅርቡት፣ ይቀበላችኋል?» ይላቸዋል። ይህን ጥያቄ ቃል በቃል ተጠቀሙበት። የምትሰጡትን ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዬ እሰጠዋለሁ ወይ በሉ።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ ልብስ ሲሰበሰብ ጃኬት ሰጠሁ። ወፍራም ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ዚፑ ግን ከመሀል ተሰንጥቆ አይዘጋም። ሳጥፈው አውቄ ነበር። «ያሰፋዋል» ብዬ አለፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ልጅ ለብሶት አየሁ። ዝናብ ነበር። ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞት ይሮጣል። እኔ ያን ጊዜ የለበስኩት ጃኬት እስከ አንገቴ ተዘግቷል። እስከ ዛሬ ዚፕ በዘጋሁ ቁጥር ያ ልጅ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ልብስ ከሆነ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ተተኩሶ ይሰጥ። እህል ከሆነ ለቤት የገዛችሁት ጤፍ ይሁን። ጊዜ ከሆነ አእምሯችሁ የነቃበት ሰዓት ይሁን። ማርቆስ 1፥35 ጌታ ገና ሌሊት ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ እንደጸለየ ይናገራል። ግን ጡት የምታጠባ እናት ሌሊቱን ስትነሣ ስታድር ጠዋት የነቃ ሰዓት የላትም። የእሷ በኩራት ሕፃኑ ቀን ሲተኛ የምታገኛት የመጀመሪያዋ 15 ደቂቃ ናት። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህትም እሑድ የእሷ አይደለም። ቤተሰቡ ከመንቃቱ በፊት ወጥ ቤት ቆማ የምትጸልያት ጸሎት ሙሉ በኩራት ናት። ማንም አያሳንስባት።

6. ለማን ይሂድ?

በሕጉ በኩራት የካህናት ነበር፣ ዘኍልቍ 18። ርስት ስላልነበራቸው የሚበሉት ያንን ነው። ስለዚህ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁና በዚያ የሚያገለግሉ ሰዎች ቀዳሚ ናቸው። በደረሰኝ ስጡ። ደረሰኝ መጠየቅ እምነት ማጉደል አይደለም፣ የተቀደሰ ነገር በሥርዓት ይያዝ ማለት ነው።

ግን 2ኛ ነገሥት 4ን ተመልከቱ። ረሃብ ነበር። ከበኣልሻሊሻ አንድ ሰው 20 የገብስ እንጀራና እሸት በአቁማዳ ይዞ መጣ፣ በኩራቱን። ለነቢዩ ኤልሳዕ ነው ያመጣው። ኤልሳዕ ግን «ለሕዝቡ ስጣቸው፣ ይብሉ» አለ። 100 ሰው ነበር። በልተው ተረፋቸው። በኩራትን የሚቀበል ሰው እንዲህ ነው መሆን ያለበት። የምትሰጡበት ቦታ ለተራበ ሰው የሚተርፍ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ከፊሉን እናንተው በቀጥታ አድርሱ። የትኛው ጎረቤት ኪራይ እንዳቃተው ታውቃላችሁ።

እናትና አባትስ? ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ደሞዛችንን ለእናታችን ጋቢ ገዝተንበታል፣ መልካም አድርገናል። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል፣ እያሉ ወላጆቻቸውን የሚያስርቡትን ገሥጿል። እናቱ መድኃኒት መግዣ አጥታ ለቤተ ክርስቲያን በኩራት የሚያወጣ ሰው ቃሉን ገልብጦታል።

7. አፋችሁም ይናገር

ዘዳግም 26 የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ገበሬው ቅርጫቱን አስቀምጦ አይሄድም። ይናገራል። «አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበር፣ በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ ወረደ፣ ግብፃውያን አስጨነቁን፣ ጮኽን፣ እግዚአብሔር ሰማን፣ አወጣን፣ ይህችን ምድር ሰጠን፤ አሁንም እነሆ የሰጠኸኝን ፍሬ መጀመሪያ አመጣሁ» ይላል። የራሱን ታሪክ ከአባቱ ጀምሮ ይቆጥራል።

እናንተም የራሳችሁን ጻፉ። አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከየት ነው የመጣችሁት? ምን ጠፍቶባችሁ ነበር? ማን አወጣችሁ? ዛሬ ምን ይዛችኋል? በኩራቱን ስታወጡ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ልጆች ባሉበት ቢሆን ይመረጣል። አባታቸው ከምን እንደተነሣ የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው። እኛ ቤት ልጄ አሁን ከእኔ ቀድማ ትለዋለች። «ጣራው የሚያፈስ ቤት ተከራይተን ነበር» የሚለውን ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ሚሽና እዚህ ላይም አንድ ነገር ይነግረናል። በመጀመሪያ ማንበብ የሚችል ራሱ ያነብ ነበር፣ የማይችለውን ሌላ ሰው ያስብለው ነበር። የማይችሉት አፍረው መምጣት ተዉ። ያኔ ሁሉም፣ የሚችለውም የማይችለውም፣ እየተከተለ እንዲል ተወሰነ። አንድ ሰው እንዳያፍር ሥርዓቱ ተቀየረ። በኅብረት የምታደርጉት ከሆነ ይህን ያዙ፦ መጠን አይጠራ፣ ስም አይነበብ።

ወሩ ሲጎድል

ሥራ ያጣችሁበት ወር ይመጣል። ያልበቀለ ማሳ በኩራት የለውም። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው አይደለም ይላል። ተበድራችሁ አትስጡ። ዕዳ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ አበዳሪያችሁን እያስለቀሳችሁ አትስጡ። እንጎቻዋን አውጡ፣ የቀረውን ክፈሉ። አንድ ወር ካመለጣችሁ የኋላውን ለመሙላት አትጨነቁ፣ የሚቀጥለውን ሣር እሰሩ።

አዲስ ንግድ የጀመራችሁ፣ ዘሌዋውያን 19፥23 እስከ 25 ለእናንተ ነው። አዲስ የተተከለ ዛፍ ሦስት ዓመት ፍሬው አይበላም። የአራተኛው ዓመት ለእግዚአብሔር ነው። ባለቤቱ የሚበላው በአምስተኛው ነው። ገና ሥር ያልያዘ ሥራ ላይ ቸኩላችሁ ቤት አትሥሩበት፣ መኪና አትግዙበት።

8. ከዚያ ብሉ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘዳግም 26፥11 በኩራቱን ካቀረብክ በኋላ አንተና ሌዋዊው በመካከልህ ያለውም መጻተኛ ደስ ይበላችሁ ይላል። ከሰጡ በኋላ ፊት ማጨማደድ የለም። ደሞዝ የገባበት ሳምንት አንድ ማዕድ አዘጋጁ። ዶሮ መሆን የለበትም፣ ሽሮ ይበቃል። አንድ ከእናንተ ቤት ያልሆነ ሰው ጥሩ፦ ከክፍለ አገር መጥታ ብቻዋን የተከራየችውን ልጅ፣ ሌሊቱን በር ላይ የሚያድረውን ዘበኛ። አብሯችሁ ገበታው ዙሪያ ይቀመጥ፣ ሳህኑ በር ላይ አይላክለት። እጁን አስታጥቡት። ሲጨርስ ቡናው ይፈላ፣ አቦሉም ለእሱ ይቀዳ።